የተቆለፈው ስቱዲዮ፦ አንዲት የዘጌ ልጅ ጋዜጠኝነት የምትማርበትን ቦታ እንዴት መረጠች

«ወሬ ለማውራት ዩኒቨርሲቲ ይገባል እንዴ፣ መምህር?»

ይህን የጠየቁኝ የአንዲት ተማሪዬ እናት ናቸው። ጊዜው መስከረም 2017 ዓ.ም. ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው፣ ጌሾአቸውን ገበያ አድርሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ቤቴ መጡ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፋለች። አባቷ ሕግ እንድትማር ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ የሚነግደው አጎቷ «እኔ ዘንድ ትምጣ፤ የግል ኮሌጅ ከፍዬ አስተምራታለሁ» ብሏል። እሷ ደግሞ ጋዜጠኛ ካልሆንኩ ብላ አልቅሳለች።

ነገሩ እኔንም ይመለከተኛል። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበቡንም የማስተባብረው እኔ ነኝ። ልጅቷ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከተማው ውስጥ አክስቷ ቤት እየኖረች ስትማር፣ ጠዋት ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ዜና ከሚያነቡት ተማሪዎች አንዷ ነበረች። ድምፅ ማጉያው ሲንጫጫ እንኳ ንባቧን አታቋርጥም ነበር። ጉዳይዋን በዝርዝር የምጽፈው በፈቃዷ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ፤ እኛ መምህራን የምንሰጣቸው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ስም መጥራት ብቻ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌ ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ተማሪዬ «የቱ ይሻለኛል?» ሲለኝ ስሙ የገነነውን ነገርኩት። ሄደ፤ ተመረቀ፤ ተመልሶም መጣ። የምረቃ ፎቶውን ካሳየኝ በኋላ ትንሽ ዝም አለና «መምህር፣ በትምህርት ዘመኔ ሁሉ ካሜራ የያዝኩት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ተራ ጠብቄ፣ ለጥቂት ደቂቃ» አለኝ። ዛሬ በሌላ ሙያ ተሰማርቷል። የዘጌዋ እናት ፊቴ ተቀምጠው መልስ ሲጠብቁ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣብኝ ያ ልጅ ነው።

የእናትየው ጥያቄ ደግሞ የንቀት አልነበረም። በአማርኛችን ዜናውም ሐሜቱም «ወሬ» ነው። በዚያ ላይ ሥራው ያለ ዲግሪ ሲሠራ የኖረ ነው። አዲስ ዘመን በግንቦት 1933 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር በሀገራችን የጋዜጠኝነት ዲግሪ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጸሐፊዎቹ ሙያውን የተማሩት እዚያው ሥራው ላይ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት የማስተርስ ትምህርት የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 63 ዓመት አለ። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ ካልገቡ አይሆንም» ብዬ ልዋሻቸው አልቻልኩም። ያልኳቸው ሌላ ነው። ድሮ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር፤ እረኛው ያለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያደርስ ሰው ታዲያ ማጣራትን፣ መመዘንንና መጻፍን መልመድ አለበት። ልጅዎ ይህን የምትለምድበትን ቦታ እንፈልግ አልኳቸው።

ዝቅ ባለ ድምፅ ሁለተኛውን ጥያቄ አመጡ። «ጋዜጠኛ ይታሰራል ይባላል።» ይህንንም አልካድኩም። በሀገራችን ጋዜጠኞች መታሰራቸው የአደባባይ ነገር ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያሳለፍነውን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን፣ ለወራት የተቋረጠውን የሞባይል ኢንተርኔት እሳቸውም እኔም እናውቀዋለን። «ሕጉን የምታውቅ ከማታውቀው የተሻለ ራሷን ትጠብቃለች» አልኳቸው። ከዚህ የበለጠ ማጽናኛ አልነበረኝም። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ደብተሯን አውጥታ አንድ መስመር ጻፈች፦ «የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013ን ያስተምራሉ ወይ?» ለየትምህርት ቤቱ ካዘጋጀናቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው ይህ ሆነ።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ አባቷም አያውቁትም ነበር። ተማሪ በመንግሥት ምደባ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥ ጋዜጠኝነትን መረጠ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚመደበው ለዩኒቨርሲቲው ነው። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. የተመለሰውን የፍሬሽማን ትምህርት ይማራል፤ የትምህርት ክፍል የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በውጤቱና ክፍሉ በሚቀበለው ቁጥር ልክ ነው። ሁለት በር አለ ማለት ነው። የመጀመሪያውን በር አልፎ ሁለተኛው ላይ የሚቀር ተማሪ ብዙ ነው፤ ጋዜጠኝነት ተመኝቶ ሌላ ክፍል ውስጥ ራሱን ያገኘ ስንቱን አውቃለሁ።

የልጅቷ ውጤት ከ600 342 ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ሁሉ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ እንደነበር ለሚያስታውስ ይህም መሻሻል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው በር ተከፍቶላታል። ጥያቄው ወደ የትኛው ግቢ ትግባ የሚለው ነበር።

አጎቷ ሐሳቡን በቁም ነገር ነበር ያቀረበው፤ ገንዘቡንም መድቧል። ከመወሰናችን በፊት አይታው ትምጣ ብሎ የአውሮፕላን ቲኬት ላከላት፤ መንገዱ በዚያ ሰሞን የሚታመን አልነበረም። ልጅቷ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ቆየች። ኮሌጁን ልጠራው አልፈልግም። በራሪ ወረቀቱን ይዛልኝ መጥታለች፦ የሚያብረቀርቅ ስቱዲዮ፣ ሰማያዊ መብራት፣ ሦስት ካሜራ፣ ፈገግ ያለች ዜና አንባቢ። እሷ ግን ስቱዲዮውን በዓይኗ ለማየት ጠየቀች። ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወሰዷት። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ነው፤ ሰውየው የለም። በበሩ ላይ ባለው ትንሽ መስታወት አጮልቃ አየች። ካሜራዎቹ አሉ፤ በጨርቅ ተሸፍነዋል፤ የጠረጴዛው ላይ አቧራ ከመስታወቱ ማዶ ይታያል።

«ተማሪዎች ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሙበት መቼ ነው?» አለች።

ይዟት የወጣው ሠራተኛ ደግ ሰው ነበር፤ አልደበቃትም። «እንግዳ ሲመጣ እንከፍተዋለን» አላት።

በዚያው ምሽት ደወለችልኝ። ስለ ክፍያው፣ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ከተማው አንድም ነገር ሳታነሳ ስለ ቁልፉ ብቻ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ይህች ልጅ ጋዜጠኛ ትሆናለች ብዬ አመንኩ።

ይህን ስል የግል ኮሌጅ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በሩ ተከፍቶ ተማሪ የሚርመሰመስበት ስቱዲዮ ያለው ሊኖር ይችላል፤ የተቆለፈ ስቱዲዮ በመንግሥት ግቢም አይጠፋም። ግን ለግል ኮሌጅ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሁለት ነገር ማጣራት ግዴታ ነው። አንደኛው ፈቃዱ ነው፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ስለሆነ «ኮሌጁ ፈቃድ አለው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። ሁለተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር በሀገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው፤ ከግል ተቋማት ደግሞ እጅግ ያነሰ ነው ያለፈው። ከየትኛውም ኮሌጅ የወጣ ተማሪ ይህን ፈተና ሳያልፍ ዲግሪውን አያገኝም። አጎቷ ያሰበላትን ኮሌጅ ስለዚህ ፈተና ውጤት ጠይቃ የተሰጣት መልስ «ተማሪዎቻችን ጎበዞች ናቸው» የሚል ነበር። ቁጥር አልነበረበትም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ጉዳይ ነው። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል። የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅትና የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት ሁሉም እዚያው ከተማ ናቸው። ብሔራዊ ቴሌቪዥን ላይ መሥራት ለሚያልም ተማሪ፣ ማረፊያም ካለው፣ ያለ ማቅማማት ወደዚያ ሂድ እለዋለሁ። የእኛዋን ልጅ ስለ ሕልሟ ስጠይቃት ግን የነገረችኝ ስለ ጀልባ፣ ስለ ቡና ለቀማ፣ ስለ ገዳማቱና በሐይቁ ዙሪያ ስላለው ሰው ነበር። የምትጽፈው ነገር ያለው እዚህ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም 180 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አለ፤ ጋዜጠኝነትም ያስተምራል። እሱን ሁለተኛ ምርጫ አድርገን ያዝነው።

የቀረው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒክና ከመምህራን ኮሌጅ ውሕደት የተፈጠረ ነው፤ ከተማችን እስከ ዛሬ ግቢዎቹን «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ በድሮ ስማቸው ነው የሚጠራው። ጋዜጠኝነት ያለው ፔዳ ነው። ከልጅቷ ጋር አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዘን እዚያ ሄድን። የመምህራኑን ቢሮ አላንኳኳንም፤ የምንፈልገው ተማሪ ነበር። ቀድሞ ከእኔ ዘንድ የተማረ፣ አሁን በክፍሉ የሚማር ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ዛፍ ሥር ጠበቀን።

እዚያ ዋናው ጥያቄያችን ይህ ነበር፦ «የጻፍከው ነገር ታርሞ ስንት ጊዜ ተመለሰልህ?» ልጁ ከቦርሳው አንድ ማህደር አወጣ። የእሱን ብቻ ነው የማወራው፤ የሌላውን ተማሪ አላየሁም። ወረቀቶቹ በቀይ የተዥጎረጎሩ ነበሩ። አንዱ ላይ መምህሩ ሦስት አንቀጽ ሰርዞ ከጎኑ «ዜናው አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው ያለው» ብሎ ጽፎበታል። ልጅቷ ያንን ወረቀት ረጅም ጊዜ ይዛ ቆየች። ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር ማለት አይደለም። የዕቃ እጥረት እንዳለ፣ ለካሜራ ተራ እንደሚጠበቅ ልጆቹ ራሳቸው ነገሩን። ሆኖም አብዛኛውን ድምፅ በስልካቸው እየቀረጹ፣ በስልካቸው እየቆራረጡ እንደሚሠሩ አሳዩን። ስልክ የማይቆለፍ ስቱዲዮ ነው።

ስለ ቋንቋው ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የሚቆጨኝ ጉዳይ ነውና። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተመራቂው የሚቀጠርበት የዜና ክፍል የሚሠራው ግን በአማርኛ ነው። በእኛ ክልል ደግሞ በአዊኛና በኽምጣንኛም ይሠራል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ባሕር ዳር የሆነው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በእነዚህ ቋንቋዎች ያሰራጫል፤ በኩር ጋዜጣንም ያሳትማል። በእንግሊዝኛ ዜና መጻፍ ተምሮ በአማርኛ የሚጽፍ ወጣት ምን እንደሚያወጣ በየዕለቱ እንሰማለን። «ምርታማነትን ከማሳደግ አንጻር ውጤታማ ሥራዎች እየተሠሩ ይገኛሉ።» ማን ሠራ? ምን ሠራ? ስንት ኩንታል? የለም። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሰምቶ ምን እንደተፈጸመ የሚያውቅ ገበሬ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ሌላው ጥያቄያችን «የተግባር መልመጃውን የምትጽፉት በየትኛው ቋንቋ ነው?» የሚል ነበር። በማህደሩ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፤ ለእኔ የበቃኝ የአማርኛዎቹ ከእንግሊዝኛዎቹ ባላነሰ ቀይ ቀለም መታረማቸው ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ አባቷ አልረኩም። እኔም ልጅቷ ሙያውን መውደዷን እንጂ መቻሏን አላረጋገጥኩም ነበር። ስለዚህ ፈተንኳት። ስለ ዘጌ ጀልባ አንድ ዜና ጽፈሽ አምጪ አልኳት። ያመጣችው «የጀልባ ዋጋ በመጨመሩ በርካታ ነዋሪዎች መቸገራቸውን ገለጹ» ይላል። ጋዜጣ ላይ ለብዙ ዓመት የሠራ አንድ ወዳጄ አነበበውና ከዳር ሦስት ቃል ጻፈበት፦ «ከስንት? ማን? አሳዪኝ።»

ልጅቷ በቀጣዩ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ጀልባ መነሻው ላይ ቆማ ጠበቀች። ከዘጌ ከሚመጡት ሴቶች አንዷን ከጀልባ እስከ ገበያ ተከተለቻት። ሴትዮዋ ሁለት ማዳበሪያ ጌሾ ይዛለች። ልጅቷ ምን ያህል እንደከፈለች፣ ባለፈው ዓመት ምን ያህል ትከፍል እንደነበር፣ ባለጀልባው ቤንዚን ከየት እንዳገኘና ስንት ቀን እንደተሰለፈ ጠየቀች። የባለጀልባውንም ቃል ወሰደች፤ ይህን ማንም አልነገራትም። ሁለተኛው ጽሑፏ የሚጀምረው በሴትዮዋ ንግግር ነው፦

«አንዱን ማዳበሪያ የምሸጠው ለጀልባው ነው። ልጆቼን የሚያበላው ሁለተኛው ነው።»

ወዳጄ አንብቦ ወረቀቱን መለሰላት። አንድ የፊደል ስህተት ብቻ አርሟል።

ጽሑፉን ለእናቷ ያነበበችው እኔ ቤት ነው። እናትየው ቡናቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። ሴትዮዋን ያውቋታል፤ ጎረቤታቸው ናት። ንባቡ ሲያልቅ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱና «ይህማ ወሬ አይደለም። ስሞታ ነው» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው «ስሞታውን የሚሰማ ዘንድ ታደርስ እንደሆነ ትማር፤ አባቷን እኔ አናግራለሁ» አሉኝ።

አባቷን እንዴት እንዳናገሯቸው አላውቅም። በሳምንቱ ግን አጎትየው ደውሎ ለኮሌጅ የያዘውን ገንዘብ ለኮምፒውተር እንደሚያደርገው ነገረኝ። ቅር ብሎት እንደነበር ከድምፁ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ቃሉን ጠብቋል።

ምርጫው ተሞላ፦ አንደኛ ባሕር ዳር፣ ሁለተኛ ጎንደር። የመጀመሪያው ደረሳት። የወጪ መጋራት ውሉን ፈርማ ገባች፤ የምትከፍለው ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ነው። የፍሬሽማኑ ዓመት ግን ከባድ ነበር። ሁለተኛውን በር ስለምታውቀው አንዲት ነጥብ እንዳታመልጣት ትሠጋ ነበር፤ በተለይ ሒሳቡ አስጨንቋታል። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ውጤት እንደጠበቀችው አልሆነም፤ ለጥቂት ሳምንታት ሁላችንም ተስፋችን መንምኖ ነበር። እንዲያ ሲሆን አባቷ «ሕግ ብትመርጥ ኖሮ» አላሉም፤ ይልቁን በየቅዳሜው ከእናቷ ጋር ሎሚና የተቆላ ቡና ይልኩላት ጀመር።

በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የትምህርት ክፍል ድልድሉ ሲወጣ ስሟ ጋዜጠኝነት ውስጥ ነበር። አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት። አብረዋት ዜና ያነቡ ከነበሩት የሚኒ ሚዲያ ልጆች አንዷ በዚያው ድልድል ሳይደርሳት ቀርቶ ሌላ ክፍል ገብታለች፤ ለእሷ ያልነገርኳትን ለዚህችኛዋ በመንገሬ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ዘንድሮ ስለ ሁለቱ በሮች ለ12ኛ ክፍሎች በሙሉ፣ ቅጹ ሳይሞላ፣ ወላጆቻቸው ባሉበት ነግሬያለሁ።

ባለፈው ወር የመጀመሪያ መልመጃዋ ታርሞ ሲመለስላት ፎቶ አንስታ በስልክ ላከችልኝ። ገጹ ቀይ ለብሷል። ከግርጌ መምህሯ «ባለጀልባውንስ ጠየቅሽው?» ብላ ጽፋባታለች። ልጅቷ ከፎቶው ጋር አንድ መስመር አክላለች፦ «መምህር፣ ጠይቄው ነበር፤ መጻፉን ነው የረሳሁት። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ።»